ዛሬ ቡና ስንት ገባ?

ከመንግሥት ስልክ ቁጥሮች ሁሉ በቃሌ የቀረው 929 ነው። ደውላችሁ ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛና ከእንግሊዝኛ አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ቀጥሎ ምርቱን፤ ከዚያ የተቀዳ ድምፅ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ዋጋ ይነግራችኋል፤ የቡናውን በፈረሱላ። «ማን ልበል?» የለም፣ «ለምን ፈለጉት?» የለም፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የለም። ባላገርና ባለሀብት ሳይለይ ለጠየቀው ሁሉ እኩል የሚመልስ የመንግሥት አገልግሎት ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም ነበር።

ጅማ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ከዚያ በፊት አጋሮ ለአንድ ቡና አቅራቢ ሒሳብ እይዝ ነበር። የመንግሥት መረጃ እንዴት ወደ ሰው እንደሚደርስ፣ እንዴትም መንገድ ላይ እንደሚቀር አንዴ ከሚዛኑ በኩል፣ አሁን ደግሞ ከማመልከቻው በኩል አይቻለሁ።

ከ2001 ዓ.ም. በፊት ቡና የሚሸጠው በጨረታ ነበር፤ ጨረታው የሚካሄደውም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። የዋጋው ወሬ ጅማን አልፎ አጋሮ የሚደርሰው በአንድ የስልክ ሽቦ ነበር፤ ሽቦው ደግሞ የሚያልቀው ጌታዬ ጠረጴዛ ላይ። ጠዋት ይደወላል፤ እሱ «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ እኔ ፊቱን አያለሁ። ደጅ ላይ ቡናውን በአህያ ጭኖ የቆመው ገበሬ «ዛሬ ስንት ገባ?» ሲል የሚመልስለት ያው ገዥው ነው። ከእኛ በታች ሰብሳቢው አለ፤ በየቀበሌው እየዞረ ከገበሬው የሚለቅም። ጌታዬ ለሰብሳቢው የራሱን ቀንሶ ይነግረዋል፣ ሰብሳቢውም ለገበሬው የራሱን ቀንሶ። ዋሾ የሚባል ሰው አልነበረም በመካከላችን፤ እያንዳንዱ ከሚያውቀው ትንሽ አጉድሎ ነበር የሚናገረው። የጎደለው ሲደመር ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልብስ ይሆናል።

ምርት ገበያው በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ፣ በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት፣ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በእህል ሥራ ጀመረ። የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ሲወጣ ቡናም በ2001 ገባ። አቅራቢው ቡናውን ጅማ፣ ቦንጋ፣ በደሌ ወይም ጊምቢ ካሉት መጋዘኖች ወደ አንዱ ያስገባል፤ ናሙናው ተወስዶ ይቆላል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ እጅ የሚለዋወጠው የመጋዘኑ ደረሰኝ ነው። ያኔ ገዥና ሻጭ መሐል አዳራሽ ቆመው እየጮኹ ይከራከሩና ሲስማሙ መዳፍ ያጋጫሉ፤ ኋላ ነገሩ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። የተቆረጠው ዋጋ በየገበያ ከተማው በተሰቀሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በሬዲዮ፣ በድረ ገጽና በ929 ይሰማል።

በዚያ ሰሞን አንድ ሐጂ ስልካቸውን ጆሮዬ ላይ ለጥፈው፣ «ስማ እስቲ ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ የምትለውና ጌታህ የሚለው አንድ ነው?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ የእሷ ታጥቦ ተበጥሮ ያለቀለት ቡና ነው፤ የእርስዎ እሸት ነው።»

«እንግዲያ አስታርቃቸዋ!»

ማስታረቁ ሒሳብ ይጠይቃል። ሰሌዳው የሚያወራው በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ገበሬው የሚሸጠው ቀዩን እሸት በኪሎ ነው፣ አለዚያም ከነገለፈቱ የደረቀውን ጀንፈል። ከ6 ኪሎ ገደማ እሸት 1 ኪሎ ያለቀለት ቡና ይወጣል፤ ከጀንፈል ከሆነ ከ2 ኪሎ ገደማ አንድ። ለስሌት እንዲመች ፈረሱላው 5,100 ብር ተባለ እንበል። ለ17 ሲካፈል ኪሎው 300 ብር፣ ያ ለ6 ሲካፈል የእሸቱ ኪሎ 50 ብር ይመጣል። ከዚህ ላይ የማጠቢያው፣ የማድረቂያ አልጋው፣ የጆንያው፣ የመኪናው፣ የባንክ ወለዱና የአቅራቢው ትርፍ ይነሣል። ሐጂ ይህን ከሰሙ በኋላ ስለ ዋጋው መከራከር ትተው ስለሚነሣው ይከራከሩ ጀመር። «መኪናው ስንት ነው የወሰደው? ጆንያው በስንት ተገዛ?» ጌታዬ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከገበሬ አፍ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ለእኔ የግልጽነት ትርጉሙ እዚያች ሚዛን አጠገብ ነው የገባኝ። ሰውየው አንድ ትክክለኛ ቁጥር ሲይዝ ቀጣዩን ጥያቄ ራሱ ያወጣዋል።

ሰሌዳው ግን የራሱ ጨለማ ነበረው። ደረጃ የወጣለት ቡና ከመሰሎቹ ጋር ይቀላቀላል። «ሊሙ፣ የታጠበ» ወይም «ጅማ 5» ተብሎ ይሸጣል እንጂ ከጎማ ወረዳ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ማሳ እንደመጣ ላኪው ራሱ አያውቅም። የጣዕም ቡና ፈልገው ከሩቅ የሚመጡ ገዥዎች በዚህ በጣም አማረሩ። የገበሬ ማኅበራት ዩኒየኖች በቀጥታ እንዲልኩ ስለተፈቀደላቸው የእነሱ ቡና ስሙን እንደያዘ ይወጣ ነበር፤ ከአጋሮ አጠገብ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ቡና በ2004 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ቀማሾች የአፍሪካ ምርጥ የተባለው በራሱ ስም ነው። የቀረው ገበሬ ቡና ግን መጋዘኑ በር ላይ ስሙን ያጣል።

ከዚያ አዋጅ ቁጥር 1051/2009 መጣ። አቅራቢና ላኪ ምርት ገበያውን ሳይረግጡ በቀጥታ የሚዋዋሉበት፣ ነጋዴው «ትስስር» የሚለው መንገድ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ዛሬ ብዙው ቡና የሚሄደው በዚሁ ነው። እንግዲህ ድሮ ዋጋው ይታያል፣ ቡናው የማን እንደሆነ አይታይም፤ አሁን ቡናው የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ዋጋው ግን በሁለት ሰዎች ውል ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ምርት ገበያው ዋጋውን መናገር አልተወም፤ ግን የሚናገረው በእሱ በኩል ያለፈውን ነው። ይህን ለውጥ ክፉ ነበር ለማለት አልደፍርም። ጥሩ ቡና ያለው ገበሬ ከስሙ ተጠቅሟል። አዋጁ ሲወጣ ግን «ዋጋውስ ከእንግዲህ የት ይነበባል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ባዶውን ቦታ የሞላው ቴሌግራም ነው።

በጅማና በዙሪያዋ የቡና ነገር የማይወራበት የቴሌግራም ግሩፕ ማግኘት ይቸግራል። ደላላው አለ፣ ሾፌሩ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የገበሬ ልጅ አለ። «አጋሮ እሸት ይህን ያህል»፣ «ጌራ ከፍ ብሏል»፣ «ሰቃ ጨቆርሳ ገዥ የለም» ይባላል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ዋጋ እንዲወርድለት የሚፈልግ ገዥ ሊሆን ይችላል፣ ጀንፈል ቤቱ አከማችቶ ዋጋ እንዲወጣለት የሚጸልይም ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚብሰው የኒውዮርክ ዋጋ የተነሣበት ፎቶ ነው። የካቲት 2017 ዓ.ም. ላይ የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ታይቶ የማይታወቅ ጣሪያ ሲነካ፣ ያ ፎቶ ሱቄ ድረስ በእጅ ተይዞ መጣ። ያመጣው ልጅ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል። ፓውንድ 0.45 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በኪሎ ወደ 8.8 ዶላር፤ በፈረሱላ ወደ 150 ዶላር፤ በ120 ብር ሲባዛ 18,000 ብር። «አባቴ ተዘርፏል» አለኝ።

ማባዛቱ ልክ ነው። ግን ያ ዋጋ በውል ለተወሰነ የታጠበ ቡና፣ ባሕር ማዶ መጋዘን ውስጥ ለሚረከቡት፣ ከወራት በኋላ ለሚደርስ ጭነት የሚቆረጥ ነው። የእኛ ጅማ 5 በፀሐይ የደረቀ፣ ጉድለት የሚቆጠርበት ቡና ስለሆነ ከዚያ ዋጋ ላይ ተቀንሶ ነው የሚሸጠው። ደግሞስ በየካቲት እሸት የለም፤ ለቀማው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ተካሂዶ ተጠናቋል። አባትየው የሸጠው ዋጋው ጣሪያ ከመንካቱ በፊት ነበር። ስልኩ ለልጁ የዓለምን ዋጋ በሰከንድ አደረሰለት፤ በዚያ ዋጋና በአባቱ ማሳ መካከል ያለውን መንገድ ግን አላሳየውም። ያንን መንገድ የሚያውቁት የቡናና ሻይ ባለሥልጣኑ፣ ባንኩና ላኪው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ለዓመታት የእኛን ቡና ዋጋ ካድሬም ደላላም ሊያስረዳው ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ላኪው ቡናን አንዳንዴ ከዓለም ገበያ ዋጋ በላይ ከፍሎ ይገዛ፣ ውጭ በኪሳራ ይሸጥ ነበር። ሞኝ ሆኖ አይደለም። ዶላር በባንክ ወረፋ በማይገኝበት ዘመን ቡና ዶላር ማግኛ ነበር፤ በዶላሩ መኪና ወይም ብረት አስመጥቶ ኪሳራውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የኒውዮርክን ዋጋ ያነበበ ገበሬም ሆነ ጋዜጠኛ የአጋሮውን ዋጋ ሊገምት አይችልም ነበር፤ የእንቆቅልሹ ቁልፍ የውጭ ምንዛሪው ገበያ ነበር፣ ያ ደግሞ በየትኛውም ሰሌዳ አይወጣም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ባንኮች በየቀኑ ተመናቸውን በድረ ገጽና በቴሌግራም ቻናል ያወጣሉ። ኑሮው እንዴት እንደከበደ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ለቡና ሒሳብ ግን ከነበሩት ጨለማ ክፍሎች ወደ አንዱ መብራት ገባ።

መንግሥትስ በበኩሉ ምን ይለጥፋል? የቡናና ሻይ ባለሥልጣን የየዓመቱን የወጪ ንግድ ውጤት ያሳውቃል። በ2016 በጀት ዓመት ወደ 298,500 ቶን ተልኮ 1.43 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገኘ፤ በ2017 ወደ 469,000 ቶን ተልኮ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ልጥፉ በሚሊዮን እጅ ይዘዋወራል፣ «እንኳን ደስ አለን» ይባልበታል። እኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አካፈልኩት። በ2016 አንዱ ኪሎ በአማካይ ወደ 4.8 ዶላር፣ በ2017 ወደ 5.65 ዶላር ተሸጧል። ገቢው በአመዛኙ ያደገው ብዙ ቡና ስለተላከ ነው ማለት ነው፤ የኪሎው ዋጋ ጭማሪ ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ነበር። በልጥፉ ላይ ይህን የሚል መስመር አላየሁም፤ ቁጥሮቹን ስላወጡ ግን ማንም ማካፈል የሚችል ሰው ይደርስበታል። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ በምጸት አይደለም። የወረዳና የዞን የፌስቡክ ገጾች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው መቀስ፣ ሪባንና የተሰበሰበ ሰው ፎቶ ነው፤ ከዚያ ፎቶ ምንም ማካፈል አይቻልም።

ከፌስቡክ በፊት በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ በጀት ይለጠፍ ነበር፤ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት በሚባለው ፕሮግራም። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለመንገድ ይህን ያህል ይላል። ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ያጠወልገዋል፣ አንባቢውም ጥቂት ነበር። ግን ሠንጠረዥ ነው። ዓምና ከነበረው ጋር ቆሞ ማስተያየት ይቻላል። ገጹ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ ከሳምንት በኋላ ከሌላ ፎቶ ሥር ይቀበራል።

መንግሥት ኢንተርኔትን ለመልስ መጠቀም ሳይችል ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ቀን ሱቄን እዩ። ልጁ የመለያ ቁጥሩን በድረ ገጹ፣ በቴሌግራም ቦቱ ወይም በአጭር መልእክት በ6284 ይልካል፤ የራሱ ውጤት ይመጣለታል። የሚያለቅሰውም የሚዘለውም እዚያው ሱቄ ውስጥ ነው። ያ አገልግሎት የሚሠራው ከ929 ጋር በአንድ ሐሳብ ነው፤ ጠያቂው ጥያቄውን ይመርጣል፣ ማሽኑ ይመልሳል። ሐጂም እንዲሁ «በዚህ ኮድ የተረከባችሁኝ ቡና በስንት ተሸጠ?» ብለው በቁልፍ ስልካቸው ቢጠይቁ የሚከለክል የቴክኒክ ችግር አይታየኝም።

ሕጉ ደግሞ ከማሽኑ ቀድሞ ነበር። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጠው፣ የሚከለከል ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረው ይላል። ቅር ያለው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። የመገናኛ ብዙኃኑ ጉዳይ በ2013 ዓ.ም. ወደ አዲስ አዋጅ፣ ወደ 1238፣ ሲሄድ የመረጃው ክፍል ባለበት ቆይቷል። ለደንበኞቼ በዚህ አዋጅ መሠረት ማመልከቻ ስጽፍ የቢሮ ሰዎች «ይቺን ቁጥር ማነው የሚጽፍላችሁ?» እንደሚሉ እሰማለሁ። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ለአመልካቹ «መረጃው በገጻችን ላይ አለ» ብሎ መለሰው። አብረን ገጹን ፈለግን። ችግኝ ተከላ አገኘን፣ የስንብት ፕሮግራም አገኘን፣ የተጠየቀውን አላገኘንም። በገበሬው እጅ ያለው ደግሞ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ገጽ የሚባል ነገር በዚያ አይከፈትም። ብዙ ቤት ደግሞ ስልኩ ያለው በባልየው ኪስ ነው፤ ቡናውን የለቀመችውና ያደረቀችው ሚስት «ስንት ገባ?» የምትለው ለእሱ ነው።

ገጹም ቢሆን ሁልጊዜ አይከፈትም። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በኦሮሚያ ወደ ሁለት ወር ተዘጋ፤ ጥቅምትና ኅዳር፣ የእሸት ቡና እምብርት ላይ። በድምፅ ስልክ የሚሠራ መረጃ ዋጋው ያኔ ነው የሚታወቀው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። በዚያ ወቅት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መግለጫቸውን በዚያው በታገደው ፌስቡክ ላይ ያወጡ ነበር። ሞባይል ጠጋኝ ልጆች ቪፒኤን እየጫኑ በየስልኩ ገንዘብ ተቀበሉ፤ ሕዝቡ የመንግሥቱን ማስታወቂያ ለማንበብ መንግሥት የዘጋውን በር በጎን ይዞር ነበር።

የቴሌግራም ወሬ ጉዳት የለውም አልልም፤ በአንድ የሐሰት ልጥፍ ጀንፈሉን በርካሽ የሸጠ አውቃለሁ። ለዚህ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊጣልበት ይችላል። አንድ የቡና ቻናል አስተዳዳሪ ይህን ሲሰማ የሚያደርገውን ገምቱ። ውሸታሙ ስሙን ቀይሮ ይቀጥላል፤ በጥንቃቄ ሲሠራ የነበረው ይተወዋል። የሐሰት ዋጋን የሚገድለው እውነተኛው ዋጋ በቶሎና በሙሉ ሲወጣ ነው፤ 929 ባለበት ሚዛን ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቅጣት የሚባል ነገር ሳይኖር።

ሰሞኑን መረጃ የሚሄድበት አቅጣጫ ራሱ ያስገርመኛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ፣ ቁጥሩ 2023/1115 የሆነው፣ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና ደን ተመንጥሮ ካልተተከለ መሬት መምጣቱ እንዲረጋገጥ ያዛል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የካርታ ነጥብ ይበቃል፤ የእኛ ሀገር ገበሬ በአብዛኛው ከዚህ በታች ነው። ተፈጻሚነቱ ተራዝሞ፣ እንደገናም ተራዝሟል፤ ምዝገባው ግን በየጫካው ዳር ቀጥሏል። ስልክ የያዘ ወጣት ይመጣል፣ ማሳው መሐል ይቆማል፣ ይነካል፣ ይሄዳል። ከእንግዲህ ብራስልስ ያለ ሰው ሐጂ ቡናቸውን የት እንደሚለቅሙ በስክሪን ማየት ይችላል። ሐጂ ግን ቡናቸው ጅቡቲ ወደብ ላይ በስንት እንደተጫነ የሚያዩበት ስክሪን የላቸውም።

ወይም የላቸውም ብዬ አስብ ነበር፣ አንድ የማኅበር አባል የሆነች የጎማ ወረዳ ገበሬ ከልጇ ጋር እስክትመጣ። ልጇ የሆነ ወረቀት አትምልኝ አለኝ። አንዳንድ የአሜሪካ ቡና ቆዪ ኩባንያዎች በየዓመቱ ከየትኛው ማኅበር በስንት እንደገዙ፣ ቡናው መርከብ ላይ ሲጫን የከፈሉትን ዋጋ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ፤ ልጅየው የእናቱን ማኅበር ስም ፈልጎ አግኝቷል። በፓውንድ፣ በዶላር ተጽፏል። ወደ ኪሎ፣ ከኪሎ ወደ እሸት፣ ከዶላር በጊዜው ምንዛሪ ወደ ብር መለስነው። እናትየው ያቺን የመጨረሻዋን ቁጥር አይታ፣ «እኔ ዘንድ የደረሰው የታለ፣ ይኼ የታለ?» አለች። ቅሚያ ተፈጽሟል ማለቷ አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ማጠቢያ ጣቢያ፣ ዩኒየን፣ ማበጠሪያ፣ ትራንስፖርት፣ የባንክ ብድር በመካከል አሉ። ጥያቄዋ ሐጂ በዚያ ዘመን ከጠየቁት ጋር አንድ ነው፤ በመካከል የሚነሣው ስንት ነው?

ማኅበር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስላልሆነ 590 አይመለከተውም። አባል ግን የማኅበሯን ሒሳብ የማየት መብት አላት፤ ስለዚህ ማመልከቻውን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ጻፍነው። በአማርኛ ረቂቁን ሠርተን በኦሮምኛ አተምነው፤ ጉባኤው ላይ ሲነበብ ሁሉም እንዲሰማው። የጠየቅነው አጭር ነው። የዓመቱ ቡና በስንት ተሸጠ፣ መቼ ተሸጠ፣ ምን ምን ተቀነሰ፣ በኪሎ እሸት ለአባል ስንት ቀረ።

መልሱ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር ከጠበቅነው ፈጥኖ። ጸሐፊው የሒሳቡን ሠንጠረዥ በስልክ ፎቶ አንሥቶ የማኅበሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ጥጉ ትንሽ ተቆርጧል፣ ግን ይነበባል። የሽያጩ ዋጋ ከአሜሪካው ወረቀት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ይህን ማኅበሩን የሚያስመሰግን አድርገን ወሰድነው። ማጠቢያው፣ መኪናው፣ ጆንያው፣ የብድር ወለዱ በየመስመሩ ተቀምጧል። ከታች ደግሞ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመር አለ፤ ከጆንያውና ከመኪናው ተደምሮ ይበልጣል። ግሩፑ ውስጥ ብዙ ሰው አውራ ጣቱን አሳይቶ አለፈ። እናትየው ልጇን አስከትላ ሱቄ ስትመለስ «ሁለተኛውን ጻፍልኝ፤ የዚያችን መስመር ዝርዝር ከነደረሰኙ በላት» አለችኝ። ጽፈነዋል፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጇ ነው፣ እኔ ፋይል ውስጥም አንድ አስቀርቻለሁ።